ካፖርት ለበረሃ

በየቤተሰቡ አንድ ሄዶ ያየ ሰው አለ። ሀብት አይመርጥም፤ ትምህርት አያግደውም፤ ከእሱ የዳነ ቤተሰብ እስካሁን አልተገኘም። ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ከሀገር ወጥቷል። የቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ያየው ከቆየበት ያንሳል፤ የሚያወራው ግን ዕድሜ ልኩን ነው። ከተመለሰበት ዕለት ጀምሮ ያ የሄደበት ሀገር የግል ርስቱ ይሆናል፤ ያለ እሱ ፈቃድ ፀሐይ አትወጣበትም፣ ነፋስም አይነፍስበትም። መንገደኛ ሊነሣ ነው ሲባል ይሰማል፤ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሳይጠይቁት ይመክራል፤ ተቆልፎ የተቀመጠ ሻንጣ አስከፍቶ ይበረብራል። መጽሐፍ ብትጠቅሱለት፣ ካርታ ብትዘረጉለት፣ የዚያኑ ሀገር ተወላጅ አምጥታችሁ ብታስመሰክሩበት መልሱ አንድ ነው፤ «ሄጄ አይቼዋለሁ!» ከዚህ በኋላ ይግባኝ የለም።

ርእሰ መምህሩ እንዲህ ያለውን ሰው አይወዱትም ማለት ነገሩን ማቃለል ነው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ በማዕረጋቸው ይጠራቸዋል። ጫማቸው እንደ ተወለወለ፣ ጋዜጣቸው እንደ ታጠፈ፣ ንግግራቸው በአራት ነጥብ እንደ ተዘጋ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በድምፃቸው ብቻ አንድ ግቢ ሙሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኙ ነበር። በገዛ ሳሎናቸው፣ በገዛ ወንበራቸው ላይ ደማቸውን የሚያፈላ ፍጡር ግን አንድ አለ፤ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም።

ቤተሰቡ «አምባሳደሩ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ንዴት አንቋቸው «ክቡር አምባሳደር፣ በቃዎት!» ብለው ጮኹበት። የተናገሩት ስድብ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። በሚቀጥለው ሳምንት በር ሲያንኳኳ «ማነው?» ቢባል «አምባሳደሩ ነኝ» ብሎ ገባ።

ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ በሥራውም የሚነቀፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቱ አዲስ ዓይነት ሊፍት አስመጥቶ ነበርና እሱን ለሥልጠና ወደ አንድ የበረሃ ሀገር ላከው። ወሩ በዓመቱ እጅግ የሚሞቅበት ወር ነበር። ዕድል ይሁን መዓት እንጃ፣ ያ ሰው በዚያ ሀገር በቆየበት ጊዜ ሁሉ አንዲት የፀሐይ ጨረር አልነካችውም። ከአውሮፕላን በቱቦ ወደ ማረፊያው አዳራሽ ገባ፤ ከአዳራሹ በቀዘቀዘ አውቶቡስ ወደ ሆቴሉ ምድር ቤት ገባ፤ ከምድር ቤት በሊፍት ወደ መኝታ ክፍሉ ወጣ። ጠዋት በዚያው ሊፍት ወርዶ፣ በዚያው አውቶቡስ ተጭኖ፣ በሥልጠናው ሕንፃ ምድር ቤት ይወርዳል። በሄደበት ሁሉ የአየር ማቀዝቀዣው ከጣሪያ ላይ እያፏጨ በረዶ ይተፋበታል። የመኝታ ክፍሉን ማቀዝቀዣ እንዴት እንደሚያጠፋ አልነገሩትም፤ እሱም ቢሆን የሊፍት ባለሙያ ሆኖ ሳለ መጠየቁን ክብሩ አልፈቀደለትም። በሦስተኛው ቀን ጉንፋን ያዘው። በአራተኛው ቀን ከሆቴሉ ሥር ካለው ሱቅ ረጅም፣ ወፍራም፣ ግራጫ ካፖርት ገዛ። ሻጩ ካፖርቱን ለማን እንደሚሸጠው ግራ ገብቶት የኖረ ሰው መሆን አለበት፤ ዋጋውን ሳይጠየቅ ነው የቀነሰለት።

እንግዲህ ሊቀ ሊቃውንት ዘበረሃ ሀገራቸው ሲገቡ ያን ካፖርት እንደ ለበሱ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ ታላቁን ትምህርት ይዘው ገቡ። ትምህርቱም «በረሃ ይበርዳል» የሚል ነው።

«ሙቀቱስ?» ብለው ጠየቁት ርእሰ መምህሩ ያን ጊዜ፣ ገና በደኅናው ዘመን።

«ወሬ ነው ጋሼ! ያልሄደ ሰው የሚያወራው ነው። እኔ በአካል ነበርኩ።»

ይህ «በአካል ነበርኩ» የሚሉት ነገር ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው እንዳቃጠለ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ሁለት ቤት አልፎ ዳቦ ቤት ያለው ጎረቤት ለንግድ ወደዚያ ሊሄድ ተነሣ፤ አምባሳደሩ በሱፍ ሙታንታ አስሮ ላከው። ዳቦ ጋጋሪው ሲመለስ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ አልሰጠውም፤ ኋላም ርእሰ መምህሩን መንገድ ላይ አግኝቶ «የእኔን ምድጃ የሚያህል ሀገር ነው ጌታዬ፤ እኔ ደግሞ እንደ ሊጥ ተጠቅልዬ ገባሁበት» አላቸው። አንዲት ነርስ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ሻንጣዋ በብርድ ልብስ ስለ ተሞላ የሥራ ልብሷ ቀርቶባታል።

ማታ ማታ ቴሌቪዥን ሲከፈት ደግሞ ሌላ መከራ ነው። የአየር ትንበያ የምታነበው ልጅ የዚያን ሀገር ሙቀት ስትጠራ አምባሳደሩ ከወንበሩ ይነሣል።

«ቆይ፣ ቆይ! የትኛው ክፍል ውስጥ ለክተውት ነው?» ይላታል ቴሌቪዥኗን። «ልጅቷ እኮ ሄዳ አታውቅም! አነጋገሯ ያስታውቃል።»

«ክፍል ውስጥ አይለካም» ይላሉ ርእሰ መምህሩ ጥርሳቸውን ነክሰው። «የአየር ሙቀት የሚለካው ደጅ ነው።»

«ደጅማ ማን ይወጣል ጋሼ?»

ርእሰ መምህሩ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ይዘጋሉ። በሩን የሚዘጉት ቀስ ብለው ነው፤ በሥርዓት ያደጉ ናቸውና። ከዚያ ወዲያ ግን ትራሳቸው ምን እንደሚሰማ ትራሳቸው ያውቃል።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው የርእሰ መምህሩ ሴት ልጅ ባሏን ተከትላ ወደዚያው ሀገር ሄዳ የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ጊዜ ነው። ልታርሳት የምትሄደው እናቷ ናት። እናቷን ቤተሰቡም ሰፈሩም «እትዬ» ይላቸዋል፤ አምባሳደሩን ከሕፃንነቱ አንሥተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እትዬ የደም ግፊት አለባቸው። ሐኪማቸው ጉዞውን የፈቀደላቸው ጣቱን ቀስሮ እያስጠነቀቀ ነው። «ሙቀት ለእርስዎ ጠላት ነው። ቀትር ላይ ደጅ እንዳይገኙ» ብሏቸዋል። ልጅቷ የምትወልደውም በዚያው እሳት በሚዘንብበት ወር ነበር።

ርእሰ መምህሩ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። አማቻቸውን ጠየቁ፤ ልጃቸውን ጠየቁ፤ አነበቡ። ከዚያም እትዬን ከፊታቸው አስቀምጠው እንደ ክፍል ትምህርት አስረዷቸው። በበረሃ ሀገር ለመንገደኛ ደጉ ጊዜ ብርዱ ወቅት ነው፤ ቀኑ ለስላሳ ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ ግን አሸዋ ሙቀት አያቆይምና ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ቀጥሎ አቧራ የሚያስነሣ ነፋስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ረጅሙ ሐሩር ይገባል፤ ያን ጊዜ አዋቂ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ወይ ጎሕ ሳይቀድ ወይ ፀሐይ ከገባ በኋላ ነው። «ስለዚህ» አሉ፣ «ሐሩሩ ሳይገባ ትሄጃለሽ፤ ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ ትጠብቂያለሽ፤ ሲቀዘቅዝ ትመለሻለሽ።»

እትዬ ተስማሙ። ሻንጣው ወጣ። በዚያው ሳምንት ርእሰ መምህሩ የጣሪያውን አሸንዳ ካልጠረግሁ ብለው መሰላል ላይ ወጡና ወደቁ፤ እግራቸው ተሰብሮ እስከ ጉልበታቸው በጀሶ ታሰረ። እትዬ «እስቲ ትንሽ ልቆይ» አሉ። ያች ትንሽ ደግሞ ሌላ ትንሽ ወለደች።

«እግሬን ተይው! ወሩ እየገባ ነው!» ይላሉ ርእሰ መምህሩ።

አምባሳደሩ ከወዲያ ማዶ እግሩን አነባብሮ «ምን አስቸኮለሽ እትዬ?» ይላል። «ሙቀቱ እንደሆነ ወሬ ነው። እንዲያውም በዚህ ወር ሻል ይላል። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

ልጅቷ በስልክ ጮኸች። «አጎቴ፣ ኧረ በፈጣሪ! እዚህ እኮ የመኪና በር እጅ ይልጣል!»

«አንቺ የምትኖሪበት ስለሆነ ነው ልጄ» አላት በትዕግሥት። «መኖርና ሄዶ ማየት ይለያያል።»

ርእሰ መምህሩ የጨጓራ መድኃኒታቸውን አስመጡ።

እትዬም እስከ መጨረሻው ቆዩ፤ ልጅቷ ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት ግን ከዚህ በላይ መዋል ማደር አልተቻለም። ርእሰ መምህሩ ስለማይችሉ አብሯቸው የሚሄደው አምባሳደሩ ሆነ። ርእሰ መምህሩ ከአልጋቸው ላይ ሆነው አንዲት ነገር ብቻ አዘዙ፤ ጎሕ ሳይቀድ የሚደርስ በረራ ይያዝ፤ እትዬ ፀሐይ ሳትወጣ ከልጃቸው ቤት ይግቡ። ቲኬቱን የሚያስቆርጠው አምባሳደሩ ነበር። «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ።

የመሄጃቸው ቀን ርእሰ መምህሩ በክራንች ተደግፈው ሳሎን ወጡ። ሻንጣው በር ላይ ነው። አምባሳደሩ ያን ካፖርት እስከ አገጩ ቆልፎ ቆሟል።

«መቼም ያን ነገር ለብሰህ እዚያ አትወርድም» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ለራሴ አይደለም። እትዬ ብርድ ቢመታት ማን ያለብሳታል?»

ርእሰ መምህሩ ትንፋሻቸውን ዋጡ። «ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ?»

«ስድስት ሰዓት።»

«የሌሊቱን ስድስት?»

«የቀኑን።»

ርእሰ መምህሩ በክራንቻቸው አንድ እርምጃ ቀረቡት።

«ምን አልክ?»

«ቀይሬው ነው ጋሼ። የንጋቱ በረራ ጥሩ አልነበረም፤ ንጋት ላይ ብርዱ ሌላ ነው። ቀትር ላይ ብንወርድ ትንሽ ሞቅ ይላል ብዬ…»

ከዚህ በኋላ ርእሰ መምህሩ የተናገሩት በሥርዓት የተሠራ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ክራንቻቸውን አነሡ፤ የሚደገፉበት እሱ መሆኑን ረስተውት ነበርና ወደ ግድግዳው ተንገዳገዱ። «አንተ! አንተ ደንቆሮ! ሰው ልትገድል ነው! የወለደችህን ያህል ያሳደገችህን ሴት ወስደህ እሳት ውስጥ ልትጨምር ነው! አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ደጅ ወጥተህ ታውቃለህ?»

አምባሳደሩ ዓይኑን አላርገበገበም። «ጋሼ፣ አይቆጡ፤ ግፊት ይሆናል።»

«በቃ፣ በቃ!» አሉ እትዬ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ። «ልጄ ለመውለድ አንድ ሐሙስ ነው የቀራት። ሌላ በረራ ፈልጉ ብትባሉ እዚህ ስትጨቃጨቁ ትወልዳለች። ደግሞ አማችህ መኪና ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ከበር እስከ በር ነው።» ወደ ባላቸው ቀረብ ብለው ኮሌታቸውን አስተካከሉ። «መድኃኒትህን ከምግብ በኋላ።»

መኪናው ሄደ። ርእሰ መምህሩ የተሰበረ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የሚናገሩትን ማዘጋጀት ጀመሩ። ንግግሩ መግቢያ ነበረው፤ ሐተታ ነበረው፤ መደምደሚያው «ከዛሬ ጀምሮ የቤቴን ደፍ እንዳትረግጥ» የሚል ነበር። ቃል በቃል አጠኑት። አንድም የማያስፈልግ ቃል አልነበረበትም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። ሰባት ሆነ። ልጃቸው ጋ ደወሉ፤ አልተነሣም። አማቻቸው ጋ ደወሉ፤ ተይዟል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበርና ያች የአየር ትንበያ የምታነብ ልጅ ወጣች፤ የዚያን ሀገር ቁጥር ሳትጠራ አጠፏት። ንግግሩ ከአእምሯቸው ወጣና የእትዬ ሻርፕ ብቻ ቀረ፤ ሲወጡ ትከሻቸው ላይ እንደ ጣሉት።

ስልኩ ሲጮኽ ያነሡት በሁለት እጃቸው ነው። ልጃቸው ናት።

«አባዬ፣ እማዬ ደኅና ናት። መጀመሪያ እሱን ስማ። ደኅና ናት።»

«እሷ ደኅና ናት። እሺ። ሌላውስ?»

የሆነው እንዲህ ነው። አማቻቸው እንግዶቹን ከማረፊያው በር ተቀብሎ በቀዘቀዘች መኪናው ጭኗቸው ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ በግራም በቀኝም ከአሸዋ በቀር የለም። ግማሽ መንገድ ላይ ራዲያተሩ ፈነዳ። ማቀዝቀዣው ጠፋ። መኪናዋ ወዲያው ምድጃ ሆነችና መውጣት ግድ ሆነ። ሰዓቱ ቀትር ነው፤ ፀሐይዋ በአናት ላይ ቆማለች፤ በዚያ ሰዓት መኪና እንኳ ጥላ የለውም። ጎሕ ሳይቀድ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም አመሻሽ ቢሆን ኖሮ በመኪናዋ ጎን መቀመጥ ይቻል ነበር።

አምባሳደሩ ከመኪናው ወርዶ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ፤ አማቻቸው እንደ ተናገረው፣ ሰው በጥፊ የመታው ይመስል ነበር። እጁን ወደ ሰማይ አነሣ፤ ሰማዩን አየ፤ መሬቱን አየ። ከዚያ እትዬን ዞር ብሎ አየና ካፖርቱን አወለቀ።

እትዬን በሻንጣ ላይ አስቀመጣቸው። ካፖርቱን በሁለት እጁ ከአናታቸው በላይ እንደ ድንኳን ዘርግቶ ያዘው። ያ ካፖርት ከባድ ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ ያውቃሉ፤ አንድ ሰው ተሸክመው የሚሄዱ ያህል ይከብዳል። ውሃ የነበረው ጥቂት ነው፤ የእሱንም ለእሳቸው ሰጠ። አማቻቸው ስልክ ደውሎ ሌላ መኪና ካስጠራ በኋላ «አምጣው፣ በተራ እንያዘው» ቢለው «አንተ መንገዱን እይ» አለው። እትዬ ከሥር ሆነው «አንተ ልጅ፣ እጅህን አውርድ፣ ፀሐይዋ እየፈጀችህ ነው» ቢሉት «ዝም በይ እትዬ፣ ነፋስ ይገባብሻል» አላቸው። የተጠራው መኪና ዘገየ። እሱ እጁን አላወረደም።

መኪናው መጥቶ እትዬ ከተጫኑ በኋላ እጆቹን ሊያወርድ ሞከረ፤ አልወርድ አሉት። እንደ ተዘረጋ፣ ካፖርቱን እንደ ያዘ፣ በፊቱ ተደፋ።

«አሁን ሐኪም ቤት ነው፤ ግሉኮስ ሰቅለውለታል» አለች ልጅቷ። «ነቅቷል። አባዬ፣ ካንተ ጋር ካልተነጋገርኩ ብሏል።»

ርእሰ መምህሩ ቀና ብለው ተቀመጡ። ንግግሩ ተመልሶ መጣላቸው፤ ከነመግቢያው፣ ከነሐተታው። «ስጪው» አሉ።

ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ።»

«እሰማለሁ።»

«ይሞቃል።»

ርእሰ መምህሩ ይህችን ቃል ለዓመታት ጠብቀዋታል። ከመጽሐፍ ሊያወጧት ሞክረዋል፤ ከቴሌቪዥን ሊያወጧት ሞክረዋል፤ ከዳቦ ጋጋሪ አፍ አስመስክረውባታል። አሁን መጣች፤ የሚያደርጓት ግን አጡ።

«ውሃ ጠጣ» አሉት። «ውሃ ጠጣና ተኛ።»

ስልኩን ከዘጉ በኋላ በራሳቸው ተቆጡ። ያን የመሰለ ንግግር አጥንተው ሁለት ጊዜ «ጠጣ» ብለው ይዘጉ? ማግስቱን እትዬ ሲደውሉ የተረፈውን ቁጣ በእሳቸው ላይ ለማውረድ ተነሡ። «የዚያን ሰው ወሬ አምነሽ! ሐኪም ሲነግርሽ፣ እኔ ስነግርሽ አልሰማሽ፣ እሱ…»

«አምኜው መሰለህ?» አሉ እትዬ።

«ኧ?»

«ካሳደግሁት ጊዜ ጀምሮ አንድ ልክ ነገር ተናግሮ ያውቃል? እግርህ ጀሶ ውስጥ ሆኖ ጥዬህ ልሄድ ኖሯል? እሱ ይበርዳል ባለ ቁጥር መቆያ ምክንያት አገኘሁ እንጂ።» ከኋላቸው ሴቶች ሲሯሯጡ ይሰማል። «ልጅህን ምጥ ይዟታል፤ ዝጋ።»

የተወለደችው ሴት ናት።

ወራት አለፉ። ሐሩሩ ወጣ፤ በዚያ ሀገር ለመንገደኛ ደግ የሚባለው ብርዱ ወቅት ገባ። የርእሰ መምህሩ እግር ድኗል፤ እትዬ ገና ከልጃቸው ዘንድ ናቸው። ርእሰ መምህሩ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ተነሡ። ሻንጣቸውን በሥርዓት አዘጋጁ፤ ለቀኑ ስስ ሸሚዝ፣ ለሌሊቱ ሁለት ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ሻርፕ። ሊዘጉት ሲሉ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«አምባሳደሩ ነኝ።»

ገባ። ፊቱ ላይ የተላጠው ቆዳ ሽሯል፤ ቦታ ቦታ ብቻ ጠቁሯል። ሻንጣውን አየ። ጎንበስ ብሎ አንድ ሹራብ በሁለት ጣቱ አነሣ፤ የሞተ አይጥ ያነሣ ይመስላል።

«ጋሼ! ሹራብ? ለበረሃ?»

ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ወቅት ሌሊቱ ብርድ ነው። ልጄ ነግራኛለች። እትዬ ነግራኛለች። ማሞቂያ ይነድዳል።»

«ወሬ ነው!» አለ አምባሳደሩ። «እነሱ ደጅ የት ይወጣሉ? ጋሼ፣ ይሞቃል። ጧት ይሞቃል፤ ማታ ይሞቃል። እኔ በአካል ነበርኩ! ሰው ሆኜ የሄድኩ ከሰል ሆኜ ነው የተመለስኩት!»

«ወቅት የሚባል ነገር አለ!» ጮኹ ርእሰ መምህሩ። ያ የድሮው፣ ግቢ ሙሉ ጸጥ የሚያሰኘው ድምፅ ወጣ፤ መስኮቱ ተርገበገበ። «ዓመት ይዞራል! ምድር ትዞራለች! አንድ ቀን ያየኸው ነገር ለዘላለም እንደዚያው አይቆምም! ያን ጊዜ ይሞቃል ስንል ይበርዳል አልክ፤ አሁን ይበርዳል ስንል ይሞቃል ትላለህ! አንድ ጊዜ፣ በሕይወትህ አንድ ጊዜ ከዓለም ጋር መስማማት ምንህን ይነካዋል?»

አምባሳደሩ እንዳልሰማ ሆነ። ሹራቦቹን አውጥቶ አጣጠፋቸው፤ ሲያጣጥፍስ ጎበዝ ነው። ካልሲውንም ሻርፑንም ደረበባቸውና ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሊያስቀምጣቸው ዘረጋ። ክንዱ ከትከሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም ቆመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ልብሱን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፤ በግራው አስቀመጠው።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ምንም። ትንሽ ደርቋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዚህ በላይ አልነሣ ብሎኛል።» ሳቀ። «ለሊፍት ሥራ ችግር የለም ጋሼ፤ የእኔ ሥራ ወደ ታች፣ ከሊፍቱ ሥር ነው።»

የርእሰ መምህሩ ዓይን ሸሚዝ ብቻ ወደ ቀረበት ሻንጣ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ክንዱ። ቁጣቸው አልበረደም፤ እሳቸውን የሚያውቁ ሁሉ ያውቃሉ፣ እስከ ዛሬም አልበረደም። ግን ሻንጣውን ያለ ሹራብ ዘጉት።

«ካፖርትህን አውሰኝ» አሉ።

አምባሳደሩ ደነገጠ። «ካፖርት? ጋሼ፣ ይሞቃል እያልኩዎት?»

«ለጥላ ነው» አሉ ርእሰ መምህሩ።

አምባሳደሩ አሰበ። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። «አዎ!» አለ። «ለጥላማ እሱን የሚያህል የለም። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

ርእሰ መምህሩ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። ከማረፊያው በር ሲወጡ የበረሃው ብርድ ከአሸዋው ላይ ተነሥቶ እንደ ቢላ ተቀበላቸው፤ መኪና የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እጁን በብብቱ ሸጉጦ ይንቀጠቀጣል። ካፖርቱን ለበሱ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ። ገና አማቻቸውን በዓይን ሲፈልጉ ስልካቸው ጮኸ።

«ገቡ ጋሼ? እንዴት ነው አየሩ? አላልኩዎትም?»

ርእሰ መምህሩ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም። ተማሪ የቀጡትም ከሌላ ጥፋት ይልቅ በዚህ ነው። ጥርሳቸው እንዳይንገጫገጭ መንጋጋቸውን አጥብቀው ያዙ።

«እንዳልከው ነው» አሉና የካፖርቱን የመጨረሻ ቁልፍ እስከ አገጫቸው ቆለፉ።